የጠረጴዛ ቴኒስ ጎማ፤ ስፖንጁ ስንት ሚሊሜትር ይሁን?

ከውጭ አገር የሚመጣ ዘመድ ያለው የጠረጴዛ ቴኒስ ተጫዋች ምን እንደሚያስመጣ ይታወቃል። ጎማ ነው። ዘመድየው ስለ ጨዋታው ብዙም ስለማያውቅ በወረቀት የተጻፈለትን ስም ይዞ የስፖርት ዕቃ መደብር ይገባል። ሻጩ ስሙን አንብቦ "ስንት ሚሊሜትር?" ብሎ ይጠይቀዋል። ስልክ ይደወላል። አዲስ አበባ ያለው ተጫዋችም ብዙ ሳያስብ "ወፍራሙን" ብሎ ይመልሳል።

እኔም ከዓመታት በፊት ያልኩት ይህንኑ ነው። የመጣልኝ ባለ 2.2 ሚሊሜትር ጎማ ሲያዩት ልብ የሚሰርቅ ነበር። ለጥፌው ጠረጴዛ ፊት ስቆም ግን ለዓመታት የማውቃት ኳስ የማላውቃት ሆነችብኝ። ሰርቭ ስቀበል ከመረቡ በላይ አንድ ስንዝር ትነሳለች። ብሎክ ሳደርግ ከጠረጴዛው ጫፍ ወዲያ ታርፋለች። በፊት የማሸንፋቸው ልጆች ለሦስት ወር ያህል ተራ በተራ አሸነፉኝ። ጎማ ደግሞ አንዴ በራኬቱ ቅርጽ ከተቆረጠ ለሻጩ አይመለስም።

ለአገራችን ተጫዋች አንድ ደህና ጎማ ቀላል ወጪ አይደለም። ከወጪውም በላይ መልእክተኛ እስኪገኝ የሚጠበቀው ጊዜ አለ። ስለዚህ በውፍረቱ መሳሳት ማለት ብዙ ጊዜ ለአንድ ሙሉ ዓመት ከማይሆን ራኬት ጋር መታገል ማለት ነው። ገና እጁን በማፍታታት ላይ ያለ ታዳጊ ከሆነ ደግሞ ዓመቱ ከተበላሸ አመታት ጋር ነው የሚያልፈው። ከዚህ በታች የቀረበው ማብራሪያ አጥቂውም ሆነ ተከላካዩ ቁጥሩን ለመምረጥ የሚረዳው ነው። አስቀድሞ ግን አንድ ነገር ልብ ሊባል ይገባል። ውፍረት የሚመረጠው አሁን በሚመቱት አመታት ነው እንጂ ወደፊት ልመታ እችላለሁ ብለው በሚመኙት አይደለም።

ቁጥሩ የሚለካው ምንን ነው?

ራኬት ከሦስት ነገሮች የተሠራ ነው። መሃል ላይ እንጨቱ አለ። በእንጨቱ ላይ ስፖንጁ ይለጠፋል። ከስፖንጁ በላይ ኳስ የሚነካው ስስ ጎማ አለ። ይህ ስስ ጎማ በአንድ ፊቱ ልስልስ ያለ ሲሆን በሌላው ፊቱ እንደ ብጉር የቆሙ ትንንሽ ጉጦች አሉት። ጉጦቹ ወደ ስፖንጁ ተገልብጠው ሲለጠፉ ለስላሳ ጎማ እንለዋለን፤ አብዛኛው ሰው የሚጫወተው በዚህ ነው። ጉጦቹ ወደ ውጭ ሲሆኑ እንደ ቁመታቸው ባለ አጭር ጉጥ ወይም ባለ ረጅም ጉጥ ይባላል።

በማሸጊያው ላይ 1.5፣ 1.8 ወይም 2.1 ተብሎ የሚጻፈው ቁጥር የስፖንጁ ውፍረት ብቻ ነው። ዳኛ የሚለካው ግን ድምሩን ነው። የዓለም አቀፉ ጠረጴዛ ቴኒስ ፌዴሬሽን ሕግ እንደሚለው ስፖንጅና ጎማው ከነማጣበቂያው ከ4.0 ሚሊሜትር መብለጥ የለበትም። ስፖንጅ የሌለው ባለ ጉጥ ጎማ ደግሞ ከነማጣበቂያው እስከ 2.0 ሚሊሜትር ድረስ ይፈቀድለታል። የላይኛው ለስላሳ ጎማ ከነጉጦቹ በግርድፉ አንድ ሚሊሜትር ተኩል ወይም ከዚያ ትንሽ በለጥ ያለ ቦታ ስለሚይዝ ለስፖንጁ የሚተርፈው ከ2.1 እስከ 2.3 አካባቢ ነው። አንዳንድ ፋብሪካዎች ቁጥር በመጻፍ ፈንታ "ማክስ" የሚሉት ሕጉ እስከፈቀደው ድረስ የወፈረውን ነው። "ኦኤክስ" የሚል ከተጻፈበት ስፖንጅ የለውም ማለት ነው። ይህንን ሳያውቁ አዝዘው ስስ ወረቀት የመሰለ ጎማ የመጣላቸው ሰዎች አሉ።

ይህ ገደብ ያለ ምክንያት አልመጣም። እ.ኤ.አ. በ1952 በህንድ ቦምቤይ በተካሄደው የዓለም ሻምፒዮና ጃፓናዊው ሂሮጂ ሳቶ ወፍራም ስፖንጅ የለበሰ ራኬት ይዞ ቀረበ። በዚያን ዘመን ሁሉም ሰው የሚጫወተው ስፖንጅ በሌለው ባለ ጉጥ ጎማ ነበርና ተጋጣሚዎች ኳሷ መቼ እንደተመታች የሚያውቁት በጆሯቸውም ጭምር ነው። የሳቶ ራኬት ግን ድምፅ አልነበረውም። ኳሷ ስፖንጁ ውስጥ ገብታ ባልጠበቁት ፍጥነት ትወጣለች። ሰውየው የወንዶች ነጠላ ዋንጫን ወሰደ። ከዚያ በኋላ ለዓመታት በዘለቀ ክርክር ስፖንጅ ይታገድ ወይስ ይፈቀድ ሲባል ቆይቶ እ.ኤ.አ. በ1959 መካከለኛ መንገድ ተገኘ። ስፖንጅ ብቻውን ተከለከለ፤ ላዩ ላይ ጉጥ ያለው ጎማ ከለበሰና በድምሩ 4 ሚሊሜትር ካላለፈ ግን ተፈቀደ። ዛሬ የምንከራከርባቸው የሚሊሜትር አሥረኛዎች ሁሉ የዚያ ውሳኔ ልጆች ናቸው።

ከብዙ ዓመታት በኋላ ተጫዋቾች ሌላ ዘዴ አገኙ። ከጨዋታ በፊት ጎማውን ነቅለው በሚተን ኬሚካል በተሠራ ማጣበቂያ እንደገና ሲለጥፉት ስፖንጁ እንደ ሊጥ ኩፍ ይላል፤ ኳሷም ይበልጥ ትፈጥናለች። ይህ ማጣበቂያ ለጤና ጎጂ ነው ተብሎ ከቤጂንግ ኦሊምፒክ በኋላ ከመስከረም 1 ቀን 2008 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ታገደ። አሁን ፋብሪካዎቹ ራሳቸው ጎማውን ወጥረው ስለሚሠሩት የዛሬው ባለ 1.9 ጎማ ከድሮው ባለ 2.1 የበለጠ ቢያፈናጥር አይገርምም። የድሮ አሰልጣኝዎ "2.0 ለሁሉም ይሆናል" ብለዎት ከነበረ ምክሩ በዚያን ጊዜ ጎማ ላይ የተመሠረተ መሆኑን ያስታውሱ።

ኳሷ ስፖንጁ ውስጥ ስትገባ

ኳሷ 2.7 ግራም ብቻ ትመዝናለች። ራኬቱ ላይ የምትቆየውም አንድ ሺህኛ ሰከንድ አካባቢ ነው። በዚያች ቅጽበት ምን እንደሚሆን የገባው ሰው ውፍረትን ለመምረጥ አይቸገርም።

ኳሷ በቀስታ ስትነካ፣ ለምሳሌ አጭር ፑሽ ስናደርግ ወይም አጭር ሰርቭ ስንመታ፣ የምትሰምጠው የላይኛው ጎማና የስፖንጁ የላይኛው ንብርብር ድረስ ብቻ ነው። ከሥር ያለው ስፖንጅ አንድ ሚሊሜትርም ይሁን ሁለት እምብዛም አያገኛትም። በኃይል ስትመታ ግን ነገሩ ይለወጣል። ስፖንጁ ስስ ከሆነ ሙሉ በሙሉ ተጨፍልቆ ያልቅና ኳሷ ከእንጨቱ ጋር ትገናኛለች። ያን ጊዜ ደረቅ "ቷ" የሚል ድምፅ ይሰማል፤ የእንጨቱ ስሜትም እስከ መዳፍ ድረስ ይደርሳል። ስፖንጁ ወፍራም ከሆነ በአንጻሩ እንጨቱ ጋ ሳትደርስ ውስጥ ትሰምጣለች። ጎማው ይይዛታል፣ ይወጥራታል፣ ከዚያም እንደ ወንጭፍ ይለቃታል። ቶፕ ስፒን ሲመታ ኳሷ በቅስት ተነስታ ጠረጴዛው ላይ የምትጠልቀው ለዚህ ነው።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነጥብ አለ። ወፍራም ስፖንጅ ሁሉንም አመታት ያከብዳል ማለት አይደለም። ክንዱን ከታች ወደ ላይ አፍጥኖ ኳሷን "መፋቅ" ለሚችል ተጫዋች ቶፕ ስፒን በወፍራም ስፖንጅ ይበልጥ አስተማማኝ ነው፤ ቅስቱ መረቡን በደህና ያሻግርለታልና። የሚያስቸግረው በሌላው በኩል ነው። ሰርቭ መቀበል፣ ብሎክ ማድረግ፣ አጭር ኳስን መልሶ አጭር ማድረግ ይከብዳል። ተጋጣሚው የላከው ሽክርክሪት ወፍራሙን ስፖንጅ ቶሎ ይይዘዋል፤ የራኬቱ ማዕዘን ትንሽ ከተሳሳተ ኳሷ ወደ ጣሪያ ወይም ወደ መረብ ትሄዳለች። በጨዋታ ውስጥ ደግሞ እኛ ከምናጠቃበት ኳስ ይልቅ የምንቀበለው ይበዛል፤ በተለይ ተጋጣሚው ከእኛ ሲሻል።

ስስ ስፖንጅ የራሱ ጉድለት አለው። ከጠረጴዛው ሁለት ሦስት እርምጃ ርቀው ቶፕ ስፒን ለመምታት ከፈለጉ ኃይሉን ሁሉ ከራስዎ ክንድ ማውጣት አለብዎት፤ ጎማው የሚያበድርዎ ነገር የለም። ደካማ ኳስ ሲመጣለት ግን ጠረጴዛው አጠገብ ቆሞ ቀጥ አድርጎ ስማሽ ለሚመታ ሰው ስስ ስፖንጅ እንደሚታማው ዘገምተኛ አይደለም። ኳሷ እንጨቱን ነክታ ቀጥ ብላ ትሄዳለች።

ከውፍረት ጋር አብሮ የሚታይ ሌላ ነገር ጥንካሬው ነው። ለስላሳ ስፖንጅ ቶሎ ስለሚጨፈለቅ ባለ 1.5 ከሆነ በመጠነኛ ምት እንኳ እንጨቱ ይሰማል። የቻይና ጎማዎች፣ ለምሳሌ ዲኤችኤስ የሚሠራው ሃሪኬን 3፣ ስፖንጃቸው ጠንካራ ስለሆነ 2.1 ወይም 2.2 ቢሆኑም ክንዱን በሙሉ ኃይል ለማያወናጭፍ ሰው "የሞቱ" ይመስላሉ። የቻይናው ማ ሎንግ በፎርሃንድ በኩል ይህንን የጎማ ዓይነት ይዞ ዓለምን አሸንፏል፤ ነገር ግን ከልጅነቱ ጀምሮ በየቀኑ ለሰዓታት የሠለጠነ ክንድም አብሮ ይዞ ነው። በጥንካሬ ቁጥሮች ግን አይታለሉ። የቻይና፣ የጃፓንና የአውሮፓ ፋብሪካዎች የሚጠቀሙባቸው መለኪያዎች ስለሚለያዩ የአንዱን 40 ከሌላው 40 ጋር ማነጻጸር አይቻልም።

በ2.0 እና በ2.1 መካከል ያለውን ልዩነት አውቃለሁ የሚል ሰው ሲገጥመኝ ፈገግ እላለሁ። ልዩነቱ አንድ አሥረኛ ሚሊሜትር ነው፤ ከአንድ ፋብሪካ የወጡ ሁለት ተመሳሳይ ጎማዎች እንኳ ይህን ያህል ሊለያዩ ይችላሉ። በ1.5 እና በ2.1 መካከል ያለው ግን ጨዋታውን ይቀይራል።

አጥቂ ከሆኑ

አጥቂ የሚባለው ሁሉ አንድ ዓይነት አይደለም። በሁለቱም በኩል ቶፕ ስፒን የሚመታ፣ በሳምንት ሦስት አራት ቀን በአሰልጣኝ የሚሠለጥንና አመታቱ የጸና ተጫዋች ከ2.0 እስከ ማክስ ቢይዝ ተገቢ ነው። የዓለም ምርጦች ከሞላ ጎደል ሁሉም የሚጫወቱት በዚህ ክልል ውስጥ ነው። እ.ኤ.አ. በ2000 የኳሷ ስፋት ከ38 ወደ 40 ሚሊሜትር ካደገና በ2014 ደግሞ ከሴሉሎይድ ወደ ፕላስቲክ ከተቀየረች ወዲህ የኳሷ ሽክርክሪት ስለቀነሰ የጎደለውን ከጎማው ለማግኘት የሚደረገው ሩጫ ጨምሯል።

በሳምንት አንድ ወይም ሁለት ቀን፣ ከሥራ በኋላ ወይም ቅዳሜ ከሰዓት የሚጫወት ሰው ግን ከእነዚህ አንዱ አይደለም። ለእርሱ ከ1.8 እስከ 2.0 ያለው ይበቃዋል። እኔ ብጠየቅ 1.8 እላለሁ። ቶፕ ስፒን ለመምታት የሚያንሰው ነገር የለም፤ ብሎክና ሰርቭ መቀበል ላይ ግን ብዙ ነጥብ ያተርፋል።

ጀማሪ፣ በተለይ ታዳጊ፣ ከ1.5 እስከ 1.8 ባለው ቢጀምር መልካም ነው። ያሳካ የተባለው የጃፓን ኩባንያ እ.ኤ.አ. ከ1969 ጀምሮ የሚሸጠው ማርክ ቪ የተባለ ጎማ በዚህ ውፍረት ዛሬም ብዙ አሰልጣኞች ለተማሪዎቻቸው የሚመርጡት ነው። ምክንያቱም ግልጽ ነው። ልጁ ኳሷን በራሱ ክንድ መላክ ይማራል። በወፍራም ስፖንጅ የጀመረ ልጅ ኳሷ እንዳትወጣበት ሲል ክንዱን መሃል ላይ መግታት ይለምዳል። ያ ግማሽ ምት አንዴ ከለመደ በኋላ በስንት ድካም ነው የሚላቀቀው። ወላጆችና የቡድን ኃላፊዎች "ጥሩ ዕቃ ገዛንለት" ብለው የሚያበላሹት እዚህ ጋ ነው።

በፎርሃንድና በባክሃንድ የተለያየ ውፍረት መለጠፍ የተለመደ ነው። አብዛኛው ሰው በባክሃንድ በኩል ብሎክ ስለሚያበዛና ምቱም አጭር ስለሆነ ከፎርሃንዱ በአንድ ወይም በሁለት አሥረኛ የሳሳ ይመርጣል። ለክብደቱም ይረዳል። ወፍራም ስፖንጅ በሁለቱም በኩል ሲለጠፍ ጥቂት ግራም ይጨምራል፤ ጥቂት ግራም በአምስተኛው ጌም ላይ የእጅ አንጓ የሚያውቀው ነገር ነው።

ባለ አጭር ጉጥ ጎማ የሚጠቀም አጥቂ ከ1.5 እስከ 2.0 ባለው መካከል ይመርጣል። ስሱ ለቀጥታ ምትና ለብሎክ ይመቻል፤ ወፈር ያለው ቶፕ ስፒን ለመጨመር ይረዳል። እንጨቱም አይረሳ። በውስጡ ካርቦን ያለበት ፈጣን እንጨት ከማክስ ስፖንጅ ጋር ሲገናኝ ሁለት ፈረስ ላንድ ጋሪ ማለት ነው። ፈጣን እንጨት ያለው ሰው ስፖንጁን አንድ ደረጃ ዝቅ ቢያደርግ የሚጎዳው ነገር የለም።

ተከላካይ ከሆኑ

በአገራችን ከአጥቂው ይልቅ የሚቸገረው ተከላካዩ ነው። ስለ እርሱ ዕቃ የሚያውቅ ሻጭም መልእክተኛም ማግኘት ከባድ ነው። ተከላካይ ስንል ከጠረጴዛው ርቆ ቆሞ፣ የተጋጣሚውን ቶፕ ስፒን ከላይ ወደ ታች እየቆረጠ በቾፕ የሚመልሰውን ማለታችን ነው። የእርሱ ሥራ የመጣውን ኃይል መዋጥ ነው። ስፖንጁ ወንጭፍ ከሆነበት ኳሷ ከፍ ብላ ትመለሳለች፤ ከፍ ብላ የተመለሰች ኳስ ደግሞ የተጋጣሚው ስማሽ ናት።

በለስላሳው ጎማ በኩል፣ አብዛኛውን ጊዜ ፎርሃንድ ላይ፣ የቆየው ልማድ ከ1.3 እስከ 1.6 ያለው ነው። በዚህ ውፍረት ቾፕ ጠልቆ ዝቅ ብሎ ይሄዳል፤ ሽክርክሪቱም ተጫዋቹ በፈለገው መጠን ይበዛል ወይም ያንሳል። ዛሬ ግን ኳስ በመመለስ ብቻ የሚያሸንፍ ተከላካይ በከፍተኛ ደረጃ እምብዛም አይገኝም። ኮሪያዊው ጁ ሴ ህዩክ እ.ኤ.አ. በ2003 በፓሪስ የዓለም ሻምፒዮና ፍጻሜ የደረሰው በቾፕ ብቻ አልነበረም። ተጋጣሚውን ከወዲያ ወዲህ ሲያሯሩጥ ቆይቶ ድንገት በፎርሃንድ ቶፕ ስፒን ይመታ ነበር። በፍጻሜው በኦስትሪያው ቨርነር ሽላገር ቢሸነፍም ከዚያ ወዲህ ያሉ ተከላካዮች መንገዱን ተከትለውታል። እንዲህ ዓይነት ተጫዋች ፎርሃንዱ ላይ ከ1.7 እስከ 2.0 ድረስ ይይዛል። በቾፕ ላይ የሚያጣውን ቁጥጥር በእግሩና በልምምድ ያካክሳል።

እንግዲህ ተከላካዩ ራሱን የሚጠይቀው ጥያቄ ይህ ነው። ካሸነፍኳቸው አሥር ነጥቦች ውስጥ በራሴ ጥቃት ያገኘኋቸው ስንት ናቸው? ሁለት ሦስት ከሆኑ 1.5 ይበቃዋል። አራት አምስት ከደረሱ 1.7 ወይም 1.8 ቢሞክር ያዋጣዋል። ሳይቆጥሩ "እኔም አጠቃለሁ" ማለት ገንዘብ ያስወጣል። ተመልካች ጓደኛ በወረቀት ቢመዘግብ ይሻላል፤ ሰው የመታትን ስማሽ እንጂ ያወጣትን አያስታውስምና።

ባክሃንድ በኩል ብዙዎቹ ባለ ረጅም ጉጥ ጎማ ይለጥፋሉ። ይህ ጎማ ረጃጅምና ተጣጣፊ ጉጦች ስላሉት የራሱን ሽክርክሪት ከመስጠት ይልቅ የተጋጣሚውን መልሶ ይልክለታል። ጠንካራ ቶፕ ስፒን ልኮ ከባድ ባክ ስፒን ይመጣለታል። እዚህ ላይ የስፖንጁ ጉዳይ ከለስላሳው ጎማ በጣም ይለያል። ስፖንጅ በሌለው፣ ማለትም በኦኤክስ፣ ይህ መገልበጥ እጅግ ኃይለኛ ነው፤ ጠረጴዛው አጠገብ ቆሞ ብሎክ የሚያደርግ ሰው ተጋጣሚውን ያሳብዳል። ከጠረጴዛው ሦስት ሜትር ርቆ ቾፕ የሚያደርገው ግን ከባድ ምት ሲመጣበት ኃይሉን የሚውጥለት ነገር ስለሌለ ኳሷ በቀጥታ ከእንጨቱ ትነጥራለች። ለዚህ ነው ከርቀት የሚከላከሉት በአብዛኛው ከ0.5 እስከ 1.0 ሚሊሜትር ያለ ስፖንጅ የሚመርጡት። ከዚያ በላይ፣ 1.3 እና 1.5 ሲደርስ፣ በጉጡ ማጥቃት ይቻላል፤ በዚያው ልክ ግን ተጋጣሚውን ግራ የማጋባት ኃይሉ ይቀንሳል። ሁለቱንም አንድ ላይ የሚሰጥ ውፍረት የለም።

ጉጡንና ለስላሳውን በጨዋታ መሃል እያገለባበጡ መጠቀም ለተከላካዩ ትልቅ መሣሪያ ነው። ተጋጣሚው የትኛው ፊት እንደመታው መለየት እንዲችል ሕጉ እ.ኤ.አ. ከ1986 ጀምሮ ሁለቱ ፊቶች ቀይና ጥቁር እንዲሆኑ አስገድዷል። ከ2021 ወዲህ በቀዩ ፈንታ ሰማያዊ፣ አረንጓዴ፣ ሮዝ ወይም ወይን ጠጅ ቀለም ተፈቅዷል፤ አንዱ ግን ምንጊዜም ጥቁር መሆን አለበት። ስለዚህ ሁለት ጎማ ሲያስመጡ ቀለማቸውን አብረው ይጻፉ። ሁለቱም ጥቁር ሆነው የመጡለት ሰው አውቃለሁ።

ከፍታችንን አንርሳ

የውጭ አገር መጽሔቶች የሚሰጡት ምክር አብዛኛው ለባሕር ወለል ቀረብ ለሚሉ ከተሞች የተጻፈ ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር አካባቢ ላይ ናት። እዚህ ያለው አየር ከባሕር ዳርቻው አየር ከአንድ አምስተኛ በላይ የሳሳ ነው። ለእግር ኳስ ተጫዋች ይህ የትንፋሽ ጉዳይ ነው፤ 2.7 ግራም ለምትመዝን ኳስ ግን የጉዞዋ ጉዳይ ነው። አየሩ ስለማይገታት ራቅ ብላ ትሄዳለች። ቶፕ ስፒንን ወደ ጠረጴዛው የሚያጠልቀውም ኳሷ ከአየሩ ጋር የምታደርገው ትግል ስለሆነ ያ መጥለቅ ይቀንሳል። ቾፕም እንደዚያው ነው፤ ሽክርክሪቱ ኳሷን አየር ላይ የማንሳፈፍ ኃይሉ ያንሳል።

በዚህ ምክንያት በመጽሔቱ 2.1 ይበጅሃል የተባለ የአዲስ አበባ አጥቂ በ1.9 ቢጀምር አይቆጨውም ባይ ነኝ። ይህ የእኔ ግምገማ ነው፤ ምክንያቱ ግን የኳሷ ባሕርይ ነው። ድሬዳዋ ወይም ከዚያም ዝቅ ወዳለ አገር ለውድድር የሚወርድ ሰው በአንጻሩ የለመደው ምት መረብ ላይ ወይም አጠር ብሎ ሲያርፍበት ጎማውን ከመራገም ሁለት ቀን አስቀድሞ ሄዶ ቢለማመድ ይሻለዋል። ለአንድ ውድድር ተብሎ ስፖንጅ አይቀየርም።

ሌላው የእኛ ነገር ጠረጴዛው ነው። በየሰፈሩ አናጺ የሠራቸው ጠረጴዛዎች ኳሷን ዝቅ አድርገው ያነጥራሉ፤ ፊታቸውም ሸካራ ነው። እንዲህ ባለ ጠረጴዛ ላይ ከፍተኛ ዋጋ ያለው ማክስ ጎማ ይዞ መውጣት ጥቅሙ አይታየኝም። አቧራው ብቻ በአንድ ወር ውስጥ የመያዝ ኃይሉን ይጨርሰዋል። ከየጨዋታው በኋላ በእርጥብ ጨርቅ መጥረግና በማኅደሩ ማስቀመጥ ግድ ነው።

ከመለጠፍ በፊትና በኋላ

ተገጣጥሞ የሚሸጥ ርካሽ ራኬት የስፖንጁ ውፍረት ብዙ ጊዜ አይጻፍበትም። ከጎን በኩል ማስመሪያ አስጠግቶ መመልከት ይቻላል። ለውድድር የሚሆን ጎማ ግን ከእጀታው አጠገብ የዓለም አቀፉ ፌዴሬሽን ምልክትና የፈቃድ ቁጥር ታትሞበታል። ያ ከሌለው ውፍረቱ የፈለገውን ቢሆን ዳኛ ሊመልሰው ይችላል። ወደ ማክስ የተጠጋ ስፖንጅ ሲለጠፍ ማጣበቂያውም ከ4.0 ውስጥ የሚቆጠር መሆኑ አይዘንጋ፤ ወፍራም ኮላ ሁለት ጊዜ የቀባ ሰው ሕጋዊ ጎማውን ሕገወጥ ያደርገዋል።

ያገለገለ ጎማ ከሰው ሲገዙ የተነቀለበትን ፊት ይመልከቱ። ስስ ስፖንጅ፣ በተለይ ከ1.0 በታች ያለው፣ ሲነቀል በቀላሉ ይቀደዳል፤ ቁራጩ እንጨቱ ላይ ይቀራል። በወፍራሙ ላይ የሚታየው ችግር ሌላ ነው። ተለጥጦ ወይም ተሸብሽቦ የእንጨቱን ጠርዝ ሳይሸፍን ይቀራል።

ውፍረት ለመቀየር የወሰነ ሰው በአንድ ጊዜ በአንድ ፊት ብቻ፣ በአንድ ደረጃ ብቻ ቢቀይር ምን እንደለወጠው ያውቃል። እኔ የምጠቀምበት ቀላል ፈተና አለ። ከመቀየሬ በፊት ሃያ ፑሽ፣ ሃያ ብሎክና ሃያ ቶፕ ስፒን መትቼ ስንቱ ጠረጴዛ ላይ እንዳረፈ እጽፋለሁ። አዲሱን ከለጠፍኩ ከአንድ ወር በኋላ ከዚያው ሰው ጋር እደግመዋለሁ። በቶፕ ስፒን ሁለት አግኝቼ በብሎክ አምስት ካጣሁ አሮጌው ይመለሳል።

ያ ባለ 2.2 ጎማዬ ለአንድ የሰፈራችን ልጅ ተሰጠ። ልጁ በየቀኑ የሚሠለጥን ስለሆነ በእጁ ላይ አማረበት፤ በእርሱው ጎማ ደግሞ አሸንፎኛል። እኔ ፎርሃንዴ ላይ 1.8፣ ባክሃንዴ ላይ 1.5 ለጥፌ እጫወታለሁ። በቅርቡ አንድ ዘመዴ ከውጭ ሲመጣ በወረቀት ላይ የጻፍኩለት የጎማውን ስም፣ ቀለሙንና ቁጥሩን ነው፤ ከሥሩም "ካጣህ ከዚህ የሳሳውን እንጂ የወፈረውን እንዳታመጣ" የሚል ጨመርኩበት።